ዩታህ የጠየቀችውን መሬት ለምን አላገኘችም?

ጃንዋሪ 13 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩታህ ግዛት ያቀረበችለትን ክስ አላይም አለ። ውሳኔው አንድ መስመር ብቻ ነው። ምክንያት አልተጻፈበትም። በዚያች አንድ መስመር 18.5 ሚሊዮን ኤከር መሬት፣ ወደ 7.5 ሚሊዮን ሄክታር ማለት ነው፣ እንደነበረ በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ቀረ። (ቀንና ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጉዳዩን ላይ ላዩን ላየው ሰው የፖለቲከኞች ንትርክ ይመስላል። አንዱ ወገን "ዋሽንግተን አላሠራ አለችን" ይላል። ሌላው "የሕዝብ መሬት ሊቸበቸብ ነው" ብሎ ይጮኻል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ነገሩ የትምህርት ቤት በጀት፣ የሰደድ እሳት፣ የከብት ግጦሽና ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ስምምነት ጉዳይ ነው። እኔ ከሌሎቹ የምዕራብ ግዛቶች ሁሉ ዩታህን የመረጥኩት ሁለት መንገዶችን ስለሞከረች ነው። መሬቱን በጅምላ ስትጠይቅ ደጋግማ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ቁጭ ብላ ስትደራደርና ቦታ በቦታ ስትለዋወጥ ግን ተሳክቶላታል። ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚገባውን ያህል የተወራለት አይመስለኝም።

መሬቱ የማን ነበር?

መጀመሪያ የዩት፣ የናቫሆ፣ የፓይዩት፣ የሾሾኒና የጎሹት ሕዝቦች ነበር። በወረቀት ደግሞ የሜክሲኮ ነበር። የሞርሞን እምነት ተከታይ የሆኑ ሠፋሪዎች በ1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ሲገቡ ሜክሲኮና አሜሪካ ጦርነት ላይ ነበሩ። በዓመቱ ሜክሲኮ ተሸንፋ አካባቢውን በውል ለአሜሪካ አስረከበች። ዩታህ ግዛት የሆነችው ከዚያ ወዲህ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይታ፣ በ1896 ነው። ስለዚህ ይህ መሬት አንድ ቀን እንኳ የዩታህ መንግሥት ንብረት ሆኖ አያውቅም። ይመለስልኝ የማለት መብት ያለው ካለ ቀዳሚዎቹ ዩትና ናቫሆ ናቸው።

ኮንግረስ ዩታህን ግዛት ለማድረግ በ1894 ሕግ ሲያወጣ ሁለት ነገር አስቀመጠ። አንደኛ፣ የዩታህ ሕዝብ በወሰኑ ውስጥ ባለው ለማንም ባልተሰጠ የሕዝብ መሬት ላይ ያለውን መብት ሁሉ ለዘለዓለም እንዲተው። ይህ ቃል በራሷ በዩታህ ሕገ መንግሥት ውስጥም ገብቷል። ሁለተኛ፣ በምትኩ ለትምህርት ቤት ማስተዳደሪያ የሚሆን መሬት እንዲሰጣት።

የትምህርት ቤቱ መሬት አሰጣጥ ጠለቅ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። የአሜሪካ ቀያሾች ምዕራቡን የለኩት በካሬ ነው። ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ ትልቅ ካሬ ያሰምራሉ። ይህን በ36 ትንንሽ ካሬዎች ይከፍሉታል። እያንዳንዱ ትንሽ ካሬ አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ 640 ኤከር ነው። ቁጥርም ይሰጠዋል። ዩታህ ከየትልቁ ካሬ ቁጥር 2፣ 16፣ 32 እና 36 ተሰጣት። ቀደም ያሉት ግዛቶች አንድ ወይም ሁለት ነበር የሚያገኙት። ለዩታህ አራት የሆነው መሬቷ ደረቅ ስለሆነ ነው።

ውጤቱ ግን ለአስተዳደር የማይመች ሆነ። የግዛቲቱ መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ በየቦታው ተበታተነ። አንዱ ካሬ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሌላው አሸዋ መሃል ነው። ዙሪያው ሁሉ የፌዴራል ነው። መንገድ ለማውጣት፣ ጉድጓድ ለመቆፈር፣ ለማከራየት የጎረቤትን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ ዋሽንግተን ነው። ዛሬም ድረስ የሚነሳው ምሬት ብዙው ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል።

በሩ የተዘጋበት ዓመት

በመጀመሪያው ዘመን ሁሉም ሰው መሬቱ ቀስ በቀስ ለግለሰብ ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር። በ1862 የወጣው የሠፈራ ሕግ መሬቱ ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው 160 ኤከር በነጻ ይሰጥ ነበር። ካንሳስና ነብራስካ በዚህ ሞሉ። ዩታህ ላይ ግን 160 ኤከር ያለ ውሃ ቤተሰብ አያኖርም። ሰው ውሃ ያለበትን ሸለቆ ያዘ። ተራራውና በረሃው ፈላጊ አጥቶ ቀረ። በ1934 ለግጦሽ ሥርዓት ወጣለት። በ1946 የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ተቋቋመ። በ1976 ኮንግረስ አዲስ ሕግ አውጥቶ፣ ከእንግዲህ መሬቱ ለአገር ጥቅም ተብሎ ካልተለየ በቀር በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ይቆያል አለ።

በእኔ እምነት የምዕራብ ግዛቶቹ ጠንካራው ክርክር ያለው እዚህ ጋ ነው። የ1894ቱ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ከሚሸጠው መሬት ገቢ 5 በመቶው ለዩታህ ትምህርት ቤቶች ቋሚ ፈንድ ይግባ ይላል። ዩታህ "ልትሸጡ ባታስቡ ኖሮ ከሽያጩ ድርሻ ለምን ትሰጡኝ ነበር?" ትላለች። ተቃዋሚዎቿ "ከተሸጠ ድርሻሽ ነው ተባለ እንጂ ይሸጣል አልተባለም" ብለው ይመልሳሉ። ሕጉን ለሚያነብ የሁለተኞቹ ንባብ ያሳምናል። ግን አያቶቻቸው አንድ ቀን ይተላለፋል ብለው የጠበቁት ነገር በ1976 መዘጋቱን ማንም ሊክድ አይችልም። ኔቫዳ በ1979 ተነስታ የፌዴራል መሬት የእኔ ነው የሚል ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። ያ እንቅስቃሴ ብዙ ጮኾ ያለ ውጤት በረደ።

ዛሬ ከዩታህ መሬት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የፌዴራል ነው። ኔቫዳ ውስጥ 80 በመቶ ይደርሳል። ኮኔቲከት ውስጥ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ መሬት ላይ ለሚኖር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ጋርፊልድ ካውንቲ የተባለው የዩታህ ወረዳ ያሳያል። ከካውንቲው መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የፌዴራል ነው። በአሜሪካ የአካባቢ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚተዳደረው በንብረት ግብር ነው። የፌዴራል መሬት ደግሞ ግብር አይከፍልም። ከ1976 ጀምሮ በግብር ፈንታ ለካውንቲዎች የሚሰጥ ክፍያ አለ። መጠኑ ግን በየዓመቱ የኮንግረስን በጎ ፈቃድ ይጠብቃል። በካውንቲው ውስጥ ኤስካላንቴ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ በ1990ዎቹ አጋማሽ 150 ያህል ተማሪ ነበረው። በ2015 ወደ 50 ወረደ። የካውንቲው ሹማምንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ልብ በሉ፣ ጎርፍ ወይም እሳት መጥቶ አይደለም። የሚማሩ ልጆች እያነሱ ስለሄዱ ነው። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው የፌዴራል መሬት ነው ማለት ይከብዳል፤ በሌሎች የአሜሪካ የገጠር ከተሞችም ወጣቱ እየወጣ ነው። ቢሆንም ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ሲሰደዱበት ያየ ወላጅ ዙሪያውን የከበበውን፣ የማያዝበትን መሬት እያየ ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

የ2012ቱ ሕግ

በማርች 2012 የዩታህ ምክር ቤት ፌዴራል መንግሥቱ መሬቱን እስከ ዲሴምበር 31፣ 2014 እንዲያስረክብ የሚጠይቅ ሕግ አወጣ። አርቃቂው የምክር ቤት አባል ኬን አይቮሪ ነበሩ። አገረ ገዥው ጋሪ ኸርበርት ፈረሙበት። ጥያቄው ከ30 ሚሊዮን ኤከር በላይ የሚሸፍን ነበር። እንደ ዛዮንና ብራይስ ካንየን ያሉት ብሔራዊ ፓርኮች፣ የጦር ሠፈሮችና የነባር ሕዝቦች መሬት አልተካተቱም። ግዛቲቱ ከምትረከበው መሬት ብትሸጥ የሽያጩ 95 በመቶ ለፌዴራል መንግሥት እንደሚገባ፣ 5 በመቶው ለትምህርት ቤቶች እንደሚቀር ሕጉ ራሱ ይናገራል።

የምክር ቤቱ የራሱ የሕግ ባለሙያዎች ረቂቁ ላይ ማስጠንቀቂያ አያይዘው ነበር። ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሊሽረው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 የፌዴራል ንብረትን የማስተዳደር ሥልጣን ለኮንግረስ ይሰጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1976 በኒው ሜክሲኮ የዱር አህዮች ጉዳይ ይህ ሥልጣን ገደብ የለሽ ነው ለማለት ምንም አልቀረው። ምክር ቤቱ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ሕጉን አጸደቀ። ቀነ ገደቡ ደረሰ፤ አለፈም። የተረከበ የለም።

ከፖለቲካው ይልቅ የሚጠቅመው ነገር የመጣው ከዩኒቨርሲቲዎች ነው። ምክር ቤቱ ራሱ ባዘዘው መሠረት ሦስት የዩታህ ዩኒቨርሲቲዎች ከ700 ገጽ በላይ የሆነ ጥናት ሠርተው በ2014 መጨረሻ አቀረቡ። ጥያቄው አንድ ነው፦ መሬቱን ብንረከበው ማስተዳደር እንችላለን ወይ? መልሱ "ይቻላል፣ ግን" የሚል ሆነ። የአስተዳደር ወጪው በ2017 በዓመት ወደ 280 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። ይህን ለመሸፈን ዋናው ተስፋ የነዳጅና የጋዝ ገቢ ነው። ዩታህ አሁንም ከፌዴራል መሬት ከሚወጣው ማዕድን ገቢ ግማሽ ያህሉን ታገኛለች። መሬቱን ብትረከብ ሙሉው የእሷ ይሆናል። ወጪውም ሙሉ በሙሉ የእሷ ይሆናል።

ስሌቱ የሚሠራው የነዳጅ ዋጋ ከፍ ብሎ ከቆየ ነበር። በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ድፍድፍ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ጥናቱ በወጣበት ወር መጨረሻ ወደ 53 ዶላር ወርዷል። የአንድ ግዛት በጀት በእንዲህ ያለ ዋጋ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚከተል አስቡት። በዚያ ላይ እሳት አለ። የፌዴራል መሬት ሲቃጠል አውሮፕላኑንም የእሳት አደጋ ሠራተኛውንም የሚከፍለው ዋሽንግተን ነው። ዩታህ ባለቤት ብትሆን የክፉ በጋ ሒሳብ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ይላካል። ግዛቲቱ ደግሞ እንደ ፌዴራል መንግሥቱ ተበድራ በጀቷን መሙላት አትችልም።

ከብት አርቢውም ቢሆን አስልቶ ማየት ነበረበት። በፌዴራል መሬት አንዲት ላም ከጥጃዋ ጋር ለአንድ ወር ስትግጥ የሚከፈለው እስከ 2025 ድረስ ለዓመታት 1.35 ዶላር ነበር። ዩታህ በራሷ የትምህርት ቤት መሬት ላይ የምታስከፍለው ከዚህ ይበልጣል። ከዋሽንግተን ሹም ጋር መጨቃጨቁ የሰለቸው አርቢ ባለቤቱ ሲቀየር ኪራዩም ሊጨምርበት ነው።

ለመሸጥ የሚያስገድድ ግዴታ

መሬቱን ወደ ግዛት ስለማዛወር ሲነሳ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ዩታህ በ1896 ከተሰጣት የትምህርት ቤት መሬት ከግማሽ በላዩን ሸጣለች። አሁን በእጇ ያለው ወደ 3.4 ሚሊዮን ኤከር ነው። ይህ በክፋት የተደረገ አይደለም። መሬቱ በአደራ የተያዘ ነው። የአደራው ሕግ ለትምህርት ቤቶች ገቢ አምጡበት ይላል። ሽያጭ የተሻለ ከከፈለ አስተዳዳሪው ይሸጣል፤ መሸጥም አለበት።

በ2016 ኮምብ ሪጅ በተባለው፣ የጥንት ነባር ሕዝቦች ፍርስራሽ በሞላበት የድንጋይ ሸንተረር ላይ ወደ 390 ኤከር ገደማ በጨረታ ለአንድ የግል ኩባንያ በ500,000 ዶላር ተሸጠ። ብሩ ለትምህርት ቤቶች ገባ። አሠራሩ ሕጋዊ ነው። ቦታው ግን ከዚያ ወዲያ የግል ነው።

የዝውውሩ ደጋፊዎች "እኛ ልንሸጥ አይደለም" ሲሉ ብዙዎቹ ከልባቸው ይመስለኛል። ችግሩ የዛሬው ሹም ሐሳብ አይደለም። ነዳጅ የወደቀበት፣ እሳት የበረታበት፣ በጀት የጎደለበት አንድ ዓመት ሲመጣ ከደሞዝና ከመሬት የትኛው ቀድሞ ይነካል? አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች፣ አብዛኞቹ ወግ አጥባቂ ሆነው ሳለ፣ ዝውውሩን አጥብቀው የተቃወሙት ለዚህ ነው። በ2017 የዩታህ የኮንግረስ አባል ጄሰን ቼፈትስ 3.3 ሚሊዮን ኤከር የሚያሸጥ ረቂቅ አቀረቡ። የአዳኞች ቁጣ በማኅበራዊ ሚዲያ ጎረፈባቸው። የአደን ልብስ ለብሰው፣ ውሻ ታቅፈው የተነሱትን ፎቶ ለጥፈው ረቂቁን መተዋቸውን አስታወቁ።

ወደ ፍርድ ቤት

በኦገስት 2024 አገረ ገዥ ስፔንሰር ኮክስና ዐቃቤ ሕጉ ሾን ሬየስ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክስ አቀረቡ። ጥያቄው ከ2012ቱ ጠበብ ብሏል። ፓርክም ሆነ ደን ሆኖ ለተለየ አገልግሎት ያልተከለለ፣ በመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ያለ 18.5 ሚሊዮን ኤከር ላይ አነጣጠረ። ፌዴራል መንግሥቱ ያለ ዓላማ መሬት ላልተወሰነ ጊዜ ይዞ ሊቀመጥ አይችልም አሉ። አይዳሆ፣ አላስካና ዋዮሚንግን ጨምሮ ሌሎች ግዛቶች ደገፏት። የዩት ሕዝብ አስተዳደር ደግሞ በተጠየቀው ውስጥ የራሳችን የምንለው መሬት አለበት ብሎ ተቃወመ። ዳኞቹ ጉዳዩን ለመስማት ፈቃደኛ አልሆኑም። ዩታህ ከታችኛው ፍርድ ቤት መጀመር ትችላለች። ግን የዘለዓለም ቃሏ በራሷ ሕገ መንግሥት ላይ ተጽፎ እስካለ መንገዱ ዳገት ነው።

የፍርድ ቤቱ በር ሲዘጋ ትግሉ ወደ ኮንግረስ ዞረ። በጁን 2025 የዩታህ ሴናተር ማይክ ሊ ለቤት ግንባታ ይሆናል ብለው በ11 የምዕራብ ግዛቶች ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ኤከር እንዲሸጥ በትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ አስገቡ። የራሳቸው ፓርቲ የሞንታናና የአይዳሆ ሴናተሮች ሳይቀሩ ተቃወሙ። ሐሳቡ ሁለት ጊዜ ተሸራርፎ ጁን 28 ተነሳ።

የቤት እጥረቱ ግን የውሸት አይደለም። መፍትሔ የሚሆን ሕግም አለ። በ1998 ኮንግረስ በላስ ቬጋስ ዙሪያ በተወሰነ ክልል ውስጥ ያለ የፌዴራል መሬት በጨረታ እንዲሸጥ ፈቀደ። ከገቢው 5 በመቶ ለኔቫዳ ትምህርት፣ 10 በመቶ ለአካባቢው ውሃ፣ 85 በመቶ ለጥበቃና ለፓርክ ይውላል። በላስ ቬጋስ ዳር ዳር በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ቤት ከገዙት በርካታ ወገኖቻችን መካከል በዚህ መንገድ በወጣ መሬት ላይ የሚኖሩ አሉ። ክልሉ የታወቀ ነው፤ ብሩ የት እንደሚገባም አስቀድሞ ተጽፏል።

የተሳካው መንገድ

በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቴን ብሔራዊ ቅርስ አድርገው ሲያውጁ ወደ 176,000 ኤከር የሚጠጋ የዩታህ ትምህርት ቤቶች መሬት ውስጡ ተከረቸመ። እነዚያው ቁጥር 2፣ 16፣ 32 እና 36 ካሬዎች ናቸው። ግዛቲቱ ቅር ተሰኝታለች፤ ቅሬታዋም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ማይክ ሌቪት ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብሩስ ባቢት ጋር ቁጭ ብለው ተደራደሩ። በሜይ 1998 ተፈራረሙ። ኮንግረስ በዚያው ዓመት አጸደቀው።

ዩታህ በፓርኮች፣ በደኖችና በቅርሱ ውስጥ ተበታትኖ የነበረውን ከ376,000 ኤከር በላይ ሰጠች። በምትኩ ወደ 139,000 ኤከርና 50 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለች። በኤከር ካየነው የከሰረች ይመስላል። ግን የተቀበለችው ጋዝና ድንጋይ ከሰል ያለበት፣ የተሰባሰበ፣ መንገድ የሚያስኬድ መሬት ነው። ገቢው የትምህርት ቤቶቹን ቋሚ ፈንድ አሳደገው። ዛሬ ፈንዱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከትርፉ የሚደርሰውን ድርሻ በየትምህርት ቤቱ ወላጆችና መምህራን ተቀምጠው ምን ላይ እንደሚያውሉት ይወስናሉ። ለአንዱ የንባብ ረዳት መምህር፣ ለሌላው ኮምፒውተር ይሆናል። የፌዴራል መሬት በእርግጥም ወደ ግዛት የተላለፈው እንዲህ ነው፤ ተለክቶ፣ ተገምቶ፣ በኮንግረስ ሕግ።

በ2016 በታወጀው በቤርስ ኢርስ ቅርስ ላይም ተመሳሳይ ልውውጥ ተዘጋጅቶ ነበር። በቅርሱ ውስጥ የተያዘ ወደ 130,000 ኤከር የትምህርት ቤት መሬት ይሰጥና ዩታህ በሌላ ቦታ ወደ 167,000 ኤከር ትቀበል ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ አገረ ገዥውና የምክር ቤቱ መሪዎች ለቅርሱ የታሰበው የአስተዳደር ዕቅድ ከመጠን በላይ ያጠብቃል ብለው ከድርድሩ ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄዱ። 167,000ው ኤከር ቀረ፤ 18.5 ሚሊዮኑም አልተገኘም። በቤርስ ኢርስ ውስጥ የተበተኑት የትምህርት ቤት ካሬዎች አሁንም ያው እዚያው ናቸው፤ ልጆቹም ከእነሱ ይህ ነው የሚባል ገቢ አያገኙም።